ሬክተሙም ሲወጣ፦ ባግ ለጥፎ ለሚኖር ሰው የማገገሚያ መመሪያ

ይህ የተጻፈው ትልቁ አንጀታቸው ቀደም ብሎ ወጥቶ በኢሊዮስቶሚ ለሚኖሩ፣ ማለትም ትንሹ አንጀታቸው በሆድ በኩል ወደ ውጭ ተከፍቶ ሰገራ የሚቀበል ባግ ለሚለጥፉ ሰዎች ነው። አሁን ደግሞ የቀረው ሬክተም፣ የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ከነፊንጢጣው እንዲወጣ ተወስኖላቸዋል። አስታማሚዎቻቸውም ቢያነቡት ይጠቅማል። የቀረው ቁራጭ አንጀትን በሚያቆስሉት በአልሰራቲቭ ኮላይተስ ወይም በክሮንስ ሕመም ምክንያት ደምና ንፍጥ ማውጣቱን ሲቀጥል፣ በዘር የሚመጣ ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) ሲኖር፣ ካንሰር ሲገኝ ወይም ሲያሰጋ ሐኪም ይህን ኦፕራሲዮን ይመክራል። ፊንጢጣው ወጥቶ ከተሰፋ በኋላ አንጀቱን መልሶ መግጠም አይቻልም፤ ባጉ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ይህን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ሳትነጋገሩ አትፈርሙ።

የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ያለፈ ሰው ሁለተኛውን መናቅ ይቀናዋል። ባግ መቀየር ለምዷል፤ የሆድ ስፌት እንዴት እንደሚድንም አይቷል። የዚህኛው ጣጣ ያለው ግን ከታች ነው። የሆዱ ስፌት ሲደርቅ የመቀመጫው ቁስል ገና መጀመሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኑሮ ሁሉ መቀመጥ ነው፤ ቡናው በርጩማ ላይ፣ ሚኒባሱ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ»፣ ወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ለመቀመጫው ቁስል ጊዜ መስጠትን ያዙ። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ካዘዘ የእሱ ትእዛዝ ይቅደም።

1. ከመተኛታችሁ በፊት ቤቱን አሰናዱ

ባግ ለሁለት ወር የሚበቃ ያዙ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል፤ ቁስለኛ ሆኖ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አይቻልም። ከነማ ፋርማሲንና ቀይ መስቀል ፋርማሲን፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉትንም በስልክ አስጠይቁ። የለመዳችሁትን ዓይነት አትቀይሩ፤ አዲስ ዓይነት መሞከሪያው ጊዜ ይህ አይደለም።

ስፖንጅ ግዙ። መርካቶ ፍራሽ ተራ በልክ ያስቆርጣችኋል። ጠፍጣፋ ይሁን፣ ስትቀመጡበት ወለሉ እስኪሰማችሁ የሚሰምጥ አይሁን። አንዱን ለቤት፣ ሌላውን ለመኪናና ለቀጠሮ አድርጉት። መሀሉ ቀዳዳ የሆነውን ክብ ትራስ ሰው ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ አመስግናችሁ አስቀምጡት። ለኪንታሮት ሕመምተኛ የታሰበ ነው። እናንተ ስትቀመጡበት መቀመጫውን ግራና ቀኝ ከፍቶ ስፌቱን ይወጥራል።

ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ፣ በተለይ ግቢ ውስጥ በጋራ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ባጉን ቆማችሁ ወይም አልጋ ጠርዝ ላይ ጎን ብላችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፤ አስታማሚ ወስዶ ይደፋዋል። ለሌሊት ሽንትም ፖፖ አዘጋጁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉ የሞላ ይሁን፤ ለቁስል ማጠቢያ የሚሆነውን ግን ለብቻ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በንጹሕ ዕቃ ክዳን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ደረጃ መውጣት ክልክል አይደለም። ቀስ ብሎ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ እያረፉ መውጣት ይቻላል። የምትወጡትና የምትወርዱት ግን ለቀጠሮና ለእግር ጉዞ ብቻ ይሁን።

2. ሆስፒታል ውስጥ

ስትነቁ የሽንት ቱቦ ይኖራል፤ ከቁስሉ አካባቢ ፈሳሽ የሚያወጣ ሌላ ቱቦም ሊኖር ይችላል። በማግሥቱ «ተነሡ፣ ተራመዱ» ሲሏችሁ አትቆጡ። በዳሌ አካባቢ ከሚደረግ ኦፕራሲዮን በኋላ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋ አለ፤ መከላከያው መራመድ ነው፣ አንዳንዴም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ። አልጋ ላይ ሳላችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ። ከአልጋ ስትነሡ ቀጥ ብላችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ በጎን ተገልበጡ፣ እግራችሁን አውርዱ፣ ከዚያ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ቁሙ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቃችሁ አስጽፉ፦ ስፌቱ ራሱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ፣ ከሆነስ መቼ፤ ቁስሉን የሚያይልኝ ማን ነው፣ እዚህ ልመላለስ ወይስ ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ከመቼ ጀምሮ ይፈቀዳል። የወጣው ሥጋ የፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤትም መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ። ውጤቱን ሳይቀበል የሚቀር ሰው አለ፤ ቀጣዩ ሕክምና ግን የሚወሰነው በእሱ ነው።

ወደ ቤት በሚኒባስ አትሂዱ። ራይድ ወይም የዘመድ መኪና ጥሩ፣ ከኋላ ወንበር በጎን ተኝታችሁ፣ በጉልበቶቻችሁ መሀል ትራስ አድርጋችሁ። ሾፌሩን ስለ ጉብታውና ስለ ኮብልስቶኑ ቀድማችሁ ንገሩት።

3. የመቀመጫው ቁስል

መጀመሪያ ደም የቀላቀለ፣ ቀጥሎ ቢጫ የሆነ ቀጭን ፈሳሽ ለሳምንታት ሊወጣ ይችላል። መጠኑ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አያስደነግጥ። የውስጥ ሱሪ ላይ ሞዴስ አድርጉና ሲረጥብ ቀይሩ። ወንዶች ሆይ፣ ሞዴስ መግዛት አፍራችሁ ጨርቅ አትጠቅልሉ። ጨርቅ ይረጥባል፣ ይሻክራል፣ ቁስሉን ያቆሽሻል። ሱቅ መሄዱ ካሳፈራችሁ እኅታችሁን ወይም ሚስታችሁን ላኩ።

በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ፈልቶ ለብ ያለውን ውሃ በጆግ ከላይ እያፈሰሳችሁ እጠቡ። ቆማችሁ፣ በትንሹ ጎንበስ ብላችሁ፣ ሌላ ሰው ቢያፈስላችሁ ይቀላል። ሳሙና ቁስሉ ውስጥ አይግባ። ዴቶል፣ አልኮል፣ ማር፣ ፌጦ፣ የአበባና የቅጠል ጭማቂ፣ የጎረቤት ቅባት ሁሉ ይቅርባችሁ። ከታጠባችሁ በኋላ በንጹሕ ፎጣ ወይም በጎዝ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፤ አትፈትጉ።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ሕመም ያስታግሣል፤ ሆኖም ሐኪም ሳይፈቅድ አትጀምሩ። ሲፈቀድ ሳፋውን ወለል ላይ አታስቀምጡት። ወለል ላይ ካለ ሳፋ ገብቶ መነሣት ራሱ ስፌት ይበጥሳል። ጠንካራ ወንበር ላይ ወይም በሽንት ቤት መቀመጫው ላይ አድርጉት።

ቁስሉ በከፊል ቢከፈት ምን ይደረጋል? ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ ቀድሞ ማወቁ ይረዳል። ቦታው ርጥበት አለው፣ ክብደት ያርፍበታል፣ ከውስጥ ደግሞ ሬክተሙ የነበረበት ባዶ ቦታ አለ። ስለዚህ ላይ ላዩን የሚከፈት ስፌት የተለመደ ነው። ጤና ባለሙያ ጎዝ እያስገባ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሞላ ያደርገዋል። ጎዙን በራሳችሁ በኃይል አትጠቅጥቁ። መልሶ ይሰፋልኝ ብላችሁም አትጨነቁ፤ ሳይሰፋ የሚድነው ይበልጣል። በአብዛኛው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ጨረር የወሰዱ፣ ክሮንስ ያለባቸው፣ ስኳር ያለባቸውና የሚያጨሱ ከዚያም በላይ ወራት ሊወስድባቸው ይችላል። ሲጋራ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ አስታማሚ በስልክ ፎቶ ያንሣው። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን «እየተሻለ ነው?» ሲላችሁ ከትዝታ ይልቅ ፎቶው በደንብ ይመልሳል።

ጸበልን በተመለከተ፣ የሚያምን ሰው መቅረት አይፈልግም፤ እንዲቀርም አልልም። ያልዳነ ቁስል ላይ ግን ያልፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ግንባርና ደረት ይበቃል። በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር መጠጣትም ለኢሊዮስቶሚ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱ ከታች ስለ ጨው በተጻፈው ላይ አለ። ለካህኑ ሁኔታችሁን ብትነግሩት ትንሽ ቀምሳችሁ እንድትመለሱ ያደርጋል።

4. መቀመጥን እንደገና መጀመር

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጎን መተኛትና መቆም ይብዛ። ስትበሉ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ስፖንጁ ላይ ተቀመጡ፣ ክብደታችሁን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወራችሁ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ፈሳሹ ወይም ሕመሙ በማግሥቱ ከጨመረ ተመለሱና ቀንሱ። ቁጢጥ ማለት፣ እግር አጣምሮ ወለል ላይ መቀመጥና ዝቅ ያለ በርጩማ ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ አይሆኑም። ቡና ሲፈላ እናንተ ከፍ ያለ ወንበር ውሰዱ፣ ወይም ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ተነሡ።

ትልቁ ፈተና ጠያቂ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ይቀመጣል፣ እናንተም በይሉኝታ ሁለት ሰዓት ቀጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ማታ ሕመሙ ሲመጣ እሱ ቤቱ ገብቷል። ጋቢ ለብሳችሁ በጎን ተኝታችሁ ተቀበሉ። የታመመ ሰው ተኝቶ ቢቀበል ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየምም ቁስሉ የእሱ አይደለም። «ምንህ ነው የታመመው?» ለሚለው «አንጀቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው» ይበቃል። ዝርዝሩን ለማን እንደምትነግሩ መምረጥ የእናንተ ነው።

ቤተ ክርስቲያን መቆሙ ከመቀመጥ ይሻላል፤ መቋሚያ ተደግፋችሁ ለጥቂት ጊዜ ቁሙ። ስግደትን፣ በሶላትም ሱጁድን፣ ሐኪም እስኪፈቅድ በመቆም ወይም በምልክት አድርጉት። መኪና መንዳት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ፍሬን በድንገት ስትረግጡ የማያማችሁ ከሆነና የሚያፈዝ ማስታገሻ ካልወሰዳችሁ ያን ጊዜ ጀምሩ። ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ የሐኪም ፈቃድ ወረቀቱን ቀድማችሁ አስረዝሙ። ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት መዋል ከሁሉ በመጨረሻ የሚመለስ ነገር ነው።

5. የሌለ ሬክተም «ሽንት ቤት ውሰደኝ» ሲል

ሬክተሙ ከወጣ በኋላም ሰገራ የመጣ የሚመስል ስሜት ይመጣል። አንዳንዱን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ነርቮቹ ወደ አንጎል መልእክት መላካቸውን ስላላቆሙ ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው የእግሩ ጣት እንደሚያሳክከው ማለት ነው። አታምጡ። ማማጥ ስፌቱን ይገፋል። ከፍ ያለ የሽንት ቤት መቀመጫ ካለ ሳታምጡ ለአፍታ ተቀመጡ፤ ወይም ተነሥታችሁ ተራመዱ፣ ረጅም ትንፋሽ ውሰዱ። ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየራቀ ይሄዳል። የሚያቃጥል ሕመም ሆኖ ከቆየ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ስላለ ለሐኪም ንገሩ።

6. ባግ፣ ፈሳሽና ጨው

ትልቁ አንጀት ውሃና ጨው መልሶ የሚመጥ አካል ነበር፤ አሁን የለም። በቀን ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ደህና ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀጥን ይችላል፤ ስለዚህ የሚወጣውን ለኩ። አንገቱ የተቆረጠ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለዚህ ይበቃል። ከ1500 ካለፈ ለሐኪም ደውሉ።

ብዙ ሲወጣ ሰው የሚሠራው ስህተት ንጹሕ ውሃ በብዛት መጠጣት ነው። ብቻውን የሚጠጣ ውሃ ከትንሹ አንጀት ጨው እየጎተተ ይወጣል፤ በጠጣችሁ ቁጥር ይበልጥ ትደርቃላችሁ። ኦአርኤስ ግዙና በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ቀኑን ሙሉ ፉት እያላችሁ ጠጡት። ከጠፋ ለአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልኩን አትጨምሩ። ሽንታችሁ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ስትነሡ ካዞራችሁ፣ ባታችሁ ከተኮማተረ ደርቃችኋል። የሚወጣውን የሚቀንሰውን ሎፐራሚድ የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ሲታዘዝ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ይጎዳሉ። ፋርማሲስቱንም «ኢሊዮስቶሚ አለኝ» በሉት። ቀስ እያለ የሚሟሟ ክኒን ሳይሟሟ ባግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

7. ምግብ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለስላሳ ይሁን፦ አጥሚት፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የላመ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ምስር ክክ። እንጀራ በትንሽ በትንሹ፣ በደንብ እየታኘከ። ቁስል የሚሞላው በፕሮቲን ነው፤ እንቁላል ከጠያቂ ብርቱካን ይበልጥባችኋል። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ኦቾሎኒ፣ እንጉዳይ፣ ጥሬ ካሮት፣ የጎመን ግንድ፣ የብርቱካን ገለባ አንጀቱ መውጫ ላይ ሊወተፉ ይችላሉ፤ ለስድስት ሳምንት ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሞክሩ። ተልባ «አንጀት ያለሰልሳል» ብለው ያመጡላችኋል፤ ለእናንተ አይደለም፤ ማንኛውም የሚያስቀምጥ መድኃኒትም እንዲሁ። አምቦ ውሃ ባጉን በጋዝ ይነፋዋል፤ ጉዳት የለውም፣ ሰው ፊት ግን አያምርም።

ጾምን በተመለከተ የሥጋውና የወተቱ ጉዳይ ይቆያል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ መዋል ግን ለኢሊዮስቶሚ ሕመምተኛ በእውነት አደጋ ነው። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾምን ማቆየት የተፈቀደ ነው።

8. መራመድና መሸከም

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተራመዱ፣ በየቀኑ ትንሽ ጨምሩ። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የፒያሳና የአራት ኪሎ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው። የቸርችል ጎዳናን ዳገት ግን ለኋላ ተዉት፤ መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ችግሩ። ከአምስት ኪሎ በላይ ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አታንሡ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ሕፃን ማንሣትም፣ የሲሊንደር ጋዝ መግፋትም እዚያው ውስጥ ይገባሉ። በስቶማው፣ አንጀቱ በሆድ ላይ በተከፈተበት ቦታ፣ ዙሪያ የሚወጣ ቡአ አንዴ ከመጣ በራሱ አይመለስም።

9. ሽንትና ግንኙነት

የሽንትና የግንኙነት ነርቮች ሬክተሙን ታክከው ያልፋሉ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳታውቁት ካመለጠ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ወንዶች ላይ ብልት አለመቆም ወይም ዘር ወደ ፊኛ መመለስ ሊደርስ ይችላል። ሴቶች ላይ ደግሞ በግንኙነት ጊዜ ሕመምና ድርቀት አለ፤ ማሕፀኑና ብልቱ ወደ ባዶው ቦታ ጋደል ስለሚሉ ፈሳሽ ሊያቁርም ይችላል። ቁስሉ ሳይዘጋና ሐኪም ሳይፈቅድ አትጀምሩ። ልጅ መውለድ የምታስቡ ጉዳዩን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንሡት፤ ሐኪሙ ካልጠየቃችሁት ላያነሣው ይችላል።

10. ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል

ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፤ ከቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፤ የማይቆም ደም፤ ቁስሉ በጥልቀት መከፈቱ ወይም ከውስጡ አንዳች ነገር መገፋቱ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ምንም ባግ ውስጥ ሳይገባ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ከመጣ አንጀት ታግዷል ማለት ሊሆን ይችላል። የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ለነገ የሚባሉ አይደሉም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ይገኛል። የመውጫ ወረቀታችሁንና ሁለት ትርፍ ባግ ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ባግ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ።

11. ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት

በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ፦ «ቋሚ ኢሊዮስቶሚ አለኝ። ትልቁ አንጀቴ፣ ሬክተሜና ፊንጢጣዬ ወጥተዋል። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት፣ ሙቀት መለኪያም ሆነ አንጀት ማጠቢያ አይሰጠኝ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይሰጠኝ። በቶሎ እደርቃለሁ።» ከሥሩ የኦፕራሲዮኑን ቀን፣ የሆስፒታሉን ስምና የካርድ ቁጥራችሁን ጨምሩ፤ የአስታማሚያችሁን ስልክም በጀርባው ጻፉት።